388 ገጹን ያነበበ ማን ነው?

መቼም ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ለመጻፍ ብዕሩን ያነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የነውር ነገር አይደለም፤ የቃል ችግር ነው። ፈረንጆቹ ትራንስጀንደር የሚሉትን ሰው እኛ ወይ «ፍናፍንት» እንለዋለን፣ ወይ «ወንዳገረድ» እንለዋለን፣ ወይ ደግሞ ከግብረ ሰዶም ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከተን እንገላገላለን። ሦስቱም አይሆኑም። ፍናፍንት የወንድንም የሴትንም የአካል ምልክት ይዞ የተወለደ ሰው ነው። ወንዳገረድ ስድብ ነው። ሦስተኛው ማን ማንን ይወዳል የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። እኔ የማወራው አካሉ ምንም ሳይጎድልበት «እኔ ግን እንደ ተወለድኩበት ጾታ አይደለሁም» ስለሚል ሰው፣ ይልቁንም ይህን ስለሚል ልጅ ነው። ስለዚህ ትራንስጀንደር የሚለውን እንዳለ እወስደዋለሁ። ቴሌቪዥንንም እንዲሁ ወስደነው የለ?

«የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ እንዳለም አውቃለሁ። ትንሽ ይታገሠኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ነገሩ የእነሱ ስለሆነ በእነሱ ልቁጠር።)

ክርክሩ ይህ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ «ሰውነቴ የእኔ አይደለም» ብሎ ሲጨነቅ ሐኪም መድኃኒት ይስጠው ወይስ አይስጠው? አንዱ ወገን መድኃኒቱ ሕይወት አዳኝ ነው ይላል። ሌላው ወገን በልጅ ላይ የሚደረግ ሙከራ ነው ይላል። በመካከል ያለው ሰው ደግሞ ዝም ይላል፤ ከተናገረ ከሁለቱም በኩል ድንጋይ ይወርድበታላ! እኔን የሚያናድደኝ የሁለቱ መለያየት አይደለም። ሰው ይለያያል። የሚያናድደኝ ሁለቱም ያላነበቡትን እየጠቀሱ መጨቃጨቃቸው ነው።

እስቲ ከመድኃኒቱ እንጀምር። «የጉርምስና ማገጃ» እየተባለ የሚጠራው መድኃኒት መጀመሪያውኑ ለዚህ ጉዳይ የተሠራ አይደለም። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል የአተር ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ልጅ ዕድሜው ሲደርስ አካሉን «ሥራ ጀምር» ብላ የምታዘው እሷ ናት። እሷ ራሷ ደግሞ ትእዛዝ የምትቀበለው ከአንጎል ጠብ፣ ጠብ እያለ ከሚመጣላት ሆርሞን ነው። መድኃኒቱ የዚያ ሆርሞን አምሳያ ነው፤ ልዩነቱ ጠብ ጠብ ማለቱን ትቶ ሳያቋርጥ መድረሱ ነው። ጠዋት ማታ የሚጮህን አለቃ ሠራተኛው መስማት እንደሚያቆም ሁሉ ዕጢዋም ትለምደውና ዝም ትላለች። ጉርምስናው ባለበት ይቆማል። ይኸው መድኃኒት የፕሮስቴት ካንሰር ለያዛቸው ሽማግሌዎች ይሰጣል። በስድስትና በሰባት ዓመታቸው ጡት ማጎጥጎጥ ለሚጀምራቸው ሕፃናትም ለአሥርት ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል፤ በዚህ ብዙም ጠብ የለም። ጠቡ የተነሣው በጊዜው የመጣን ጉርምስና ለማስቆም ሲውል ነው።

ይህን የጀመሩት ሆላንዶች ናቸው። የአምስተርዳም ሐኪሞች ሐሳባቸው ደግ ነበር። ድምፅ ከጎረነነ፣ ጢም ከወጣ፣ ጡት ካደገ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም፤ ስለዚህ ልጁ እስኪያስብበት ሰዓቱን እናቁምለት አሉ። በ2014 ባወጡት ጥናት 55 ወጣቶችን ከማገጃው ጀምሮ እስከ ሆርሞኑና እስከ ቀዶ ሕክምናው ተከትለው፣ ወጣቶቹ በአእምሮ ጤናም በኑሮም ከእኩዮቻቸው የማይተናነሱ ሆነው አገኟቸው። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚጠቅሰው ይህንኑ ወረቀት ነው። ነገር ግን እነዚያ ልጆች ተመርጠው የገቡ ናቸው። ስሜቱ ከሕፃንነታቸው አብሯቸው የኖረ፣ ቤተሰብ የሚደግፋቸው፣ ሌላ ከባድ የአእምሮ ሕመም የሌለባቸው ነበሩ። መጀመሪያ ከነበሩት 70ዎቹ አንዷ ደግሞ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በገባ ኢንፌክሽን ሞታለች። ጥናቱ ይህን አልደበቀም፤ የሚጠቅሱት ናቸው ሲጠቅሱ የሚዘሉት።

የለንደኑ ክሊኒክ በ1989 ተመሥርቶ በኋላ ታቪስቶክ በተባለው የአእምሮ ሕክምና ተቋም ሥር የሆነ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለእንዲህ ያሉ ልጆች ያለው የመንግሥት ክሊኒክ እሱ ብቻ ነበር። በ2011 የሆላንዶቹን መንገድ ልሞክር ብሎ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 የሆኑ 44 ልጆችን ይዞ ጥናት ጀመረ። መልካም። ጥናት ማለት እንግዲህ ውጤቱን አይቶ መቀጠል ወይም ማቆም ነው። ክሊኒኩ ግን ውጤቱን ሳይጠብቅ ከ2014 ጀምሮ መድኃኒቱን ከጥናቱ ውጪ ላሉ ልጆችም መስጠት ያዘ። የ44ቱ ውጤት የወጣው በ2020 መጨረሻ ነው! ሲወጣም የልጆቹ የአእምሮ ሁኔታ የተሻለበትም የባሰበትም ምልክት አልታየም፤ የአጥንታቸው ጥንካሬም እንደ እኩዮቻቸው አልጨመረም። ከ44ቱ 43ቱ ደግሞ ቀጥለው ወደ ተቃራኒው ጾታ ሆርሞን ገቡ።

በዚህች 43 ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የክርክሩ ሁሉ መልክ እሷ ላይ ይታያል። አንዱ ወገን «ይኸው! ሐኪሞቹ በትክክል ለይተዋል፣ ልጆቹም የሚፈልጉትን ያውቃሉ» ይላል። ሌላው ወገን «ይኸው! መድኃኒቱ ማሰቢያ ጊዜ ሳይሆን ሐዲድ ነው፤ የገባበት መውረጃ የለውም» ይላል። ሁለቱም ከአንዲት ቁጥር ነው ይህን ሁሉ የሚያወጡት። እውነቱን ለመናገር ቁጥሯ አንዱንም አትልም። መድኃኒቱን ሳይወስዱ በምክርና በድጋፍ ብቻ የቆዩ ሌሎች 44 ልጆች ቢኖሩና ከእነሱ ስንቱ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ብናውቅ ኖሮ ነበር ቁጥሯ አፍ የምታወጣው። ማወዳደሪያ የለም። ማወዳደሪያ የሌለው ቁጥር ደግሞ ባለ ሥልጣንም፣ ተሟጋችም፣ ጋዜጠኛም እንደፈለገው የሚያለብሰው አሻንጉሊት ነው።

በመካከሉ ወደ ክሊኒኩ የሚላኩት ልጆች ቁጥር ሌላ ሆነ። በ2011/12 ከ250 ያነሱ ነበሩ፤ በ2021/22 ከ5,000 በለጡ። ዓይነታቸውም ተለወጠ። ድሮ አብዛኞቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ «ሴት ነኝ» የሚሉ ወንዶች ነበሩ፤ በኋላ ብዙዎቹ ከጉርምስና ወዲህ ስሜቱ የመጣባቸው ሴቶች ሆኑ። ኦቲዝም ያለባቸው፣ ድብርት የያዛቸው፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው ጥቂት አልነበሩም። ለእነዚህ ልጆች የተያዘው መረጃ ግን ለእነዚያ ተመርጠው ለገቡት 55 ሆላንዳውያን የተሰፋው ልብስ ነበር።

ሐና ባርንስ የተባለች የቢቢሲ ጋዜጠኛ በ2023 ስለዚህ ክሊኒክ መጽሐፍ አውጥታለች፤ «ታይም ቱ ቲንክ» ይላል፤ «ማሰቢያ ጊዜ» እንበለው። ርእሱ ራሱ ሽሙጥ አለበት፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው «ማሰቢያ ጊዜ» ተብሎ ነበርና። መጽሐፉን ብዙ ሰው ስለ ጾታ የተጻፈ ነው ብሎ ይጣላበታል። እኔ ሳነበው ስለ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥሩነቱም እዚያ ላይ ነው። ሠራተኛ ሥጋቱን ይናገራል፣ አለቃ ይሰማና ስብሰባ ይጠራል፣ ከስብሰባው በኋላ የተናገረው ሠራተኛ ዓይን ይገባል። በ2005 ገደማ ዴቪድ ቴይለር የተባሉ ሐኪም ያዘጋጁት የውስጥ ግምገማ የመድኃኒቱ መረጃ ስስ መሆኑን ያነሣ ነበር፤ ለሕዝብ የወጣው በ2020 ነው፣ ያውም በመረጃ ነፃነት ሕግ ተጠይቆ። የሕፃናት ደኅንነት ኃላፊዋ ሶንያ አፕልቢም ሥጋታቸውን በማንሣታቸው ተገልለው፣ በ2021 ተቋሙን በሥራ ክርክር ችሎት ረትተው 20,000 ፓውንድ ተፈረደላቸው። መሳቢያ ውስጥ የሚተኛ ጥናት እኛ ሀገር ብቻ ያለ ይመስለን ነበር አይደል? መጽሐፉ የዳኑትንና የተደሰቱትን ልጆች ታሪክም በየመካከሉ አስገብቷል። ይህን ግን ወዳጆቹም ጠላቶቹም አያነሡትም።

ከዚያ ፍርድ ቤት መጣ። ኪራ ቤል በ16 ዓመቷ ማገጃውን የጀመረች፣ በ17 ቴስቶስትሮን የወሰደች፣ በ20 ዓመቷ ጡቷን በቀዶ ሕክምና ያስወገደች፣ በኋላም ተመልሳ ሴትነቷን የተቀበለች ወጣት ናት። ክሊኒኩ ሲጀመር በደንብ አልጠየቀኝም ብላ ከሰሰች። በታኅሣሥ 2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን ሕክምና ተረድቶ መፍቀድ መቻሉ አጠራጣሪ ነው አለ። በመስከረም 2021 ይግባኝ ሰሚው ገለበጠው፤ ይህ የሐኪምና የታካሚ ነገር ነው፣ ዳኛ እንዲህ ያለ አጠቃላይ መስመር ማስመር የለበትም በማለት። እኔ ይግባኝ ሰሚው በሕጉ በኩል ትክክል ይመስለኛል። ሆኖም «የሐኪሙ ጉዳይ ነው» ማለት ሐኪሙ የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው የሚያምረው።

ሐኪሙ ምን ያውቃል? ይህን እንዲመረምሩ በ2020 የታዘዙት ዶክተር ሂላሪ ካስ ናቸው፤ የእንግሊዝ የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩ አንጋፋ ሴት ናቸው። በሚያዝያ 2024 ያስረከቡት የመጨረሻ ዘገባ 388 ገጽ ነው፤ 32 ምክረ ሐሳብ አለው። የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓለም ላይ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው መዘኑላቸው። ስለ ማገጃው 50፣ ስለ ሆርሞኑ 53፣ በድምሩ 103 ጥናት። ከዚህ ሁሉ ከፍተኛ ጥራት ያለው ሆኖ የተገኘው ከየወገኑ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ብቻ ነው።

ዘገባው በወጣ በሰዓታት ውስጥ (388 ገጽ በሰዓታት የሚያነብ ሰው ካለ እጅ እነሣለሁ) አንድ ወሬ ተነዛ፤ «ካስ 98 ከመቶውን ጥናት ጣሉት» የሚል። አንዲት የፓርላማ አባል ይህን የመሰለ ነገር ምክር ቤት ውስጥ ተናግረው በኋላ ማረሚያ ሰጥተዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከሁለቱ ሌላ መካከለኛ ጥራት ያላቸው 58 ጥናቶች ነበሩ፤ ለድምዳሜው የዋሉት 60ዎቹ ናቸው። የተተዉት ደካማ የተባሉት 43 ናቸው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ መደመር ይበቃል።

በሌላው ወገን ያለው ደግሞ «ካስ አበቃ፣ ተዘጋ አሉ» ብሎ ከበሮ መታ። እሱም አላነበበም። ዘገባው ማገጃው በጥናት ሥር ብቻ ይሰጥ ይላል እንጂ ለዘላለም ይከልከል አይልም። ሆርሞን ከ16 ዓመት ጀምሮ በብርቱ ጥንቃቄ ሊሰጥ እንደሚችል ይቀበላል። ለአንዳንድ ወጣቶች የሕክምናው መንገድ የሚሻላቸው መሆኑንም በግልጽ ያስቀምጣል። «ትራንስጀንደር የሚባል ሰው የለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጎ የሚያገኝበት ሰው ካለ ገጹን ይንገረኝ። ያም ሆኖ ዶክተሯ ዘገባው ከወጣ በኋላ ለደኅንነታቸው ሲባል በሕዝብ ማመላለሻ እንዳይሳፈሩ ተመክረዋል። የሕፃናት ሐኪም በአውቶቡስ መሳፈር የሚፈራበት ክርክር!

ታዲያ ዘገባው እንከን የለውም ወይ? አለው እንጂ። ሁለት ነገር ከነከነኝ። አንደኛ፣ ሚዛኑ በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ለመድኃኒቱ የከበደ ሚዛን ይዞ ሲያበቃ በመድኃኒቱ ፈንታ የሚያስቀድመው ምክርና የአእምሮ ሕክምና ነው። የእነዚያው የዮርክ ሰዎች ምርመራ ግን በዚህ በምክሩ በኩል ያገኘው 10 ጥናት ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ዘጠኙ ደካማ ናቸው። ምክር አጥንት አይጎዳም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ የጉዳቱ መጠን አንድ አይደለም። ቢሆንም «ማስረጃ የለውም» የሚለው ፍርድ አንዱ ላይ ጮክ ብሎ፣ ሌላው ላይ በሹክሹክታ መነገሩ አንባቢን ያሳስታል። ሁለተኛ፣ የልጆቹ ቁጥር ለምን እንዲህ አሻቀበ ለሚለው ጥያቄ ዘገባው ከማኅበራዊ ሚዲያ ጀምሮ እስከ ወሲብ ቀስቃሽ ፊልም ድረስ ብዙ ይዘረዝራል። አሳማኝ ሊሆን ይችላል። ግን ይህ ክፍል በራሱ በዘገባው ሚዛን ቢመዘን ከመካከለኛው በላይ የሚወጣ አይመስለኝም። በ2024 የዬል ዩኒቨርሲቲን ሰዎች ጨምሮ ዘገባውን የተቹ ምሁራን ነበሩ፤ የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበርም አፈጻጸሙ ይቁም ብሎ ጀምሮ ወዲያው በዚያው ዓመት ወደ ገለልተኛነት አፈገፈገ።

እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ያበሳጨኝ ሌላ ነው። የዮርክ ሰዎች በክሊኒኩ ያለፉትን ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች መዝገብ ከአዋቂዎች ክሊኒክ መዝገብ ጋር አገናኝተው ዛሬ እንዴት እንዳሉ ሊያዩ ፈለጉ። ስም አይወጣም፣ ማንም ቤቱ ድረስ አይሄድም፤ መዝገብ ከመዝገብ ነው። መንግሥት ለዚሁ ሲል በ2022 ልዩ የሕግ ፈቃድ አወጣ። ከሰባቱ የአዋቂ ክሊኒኮች ስድስቱ አንተባበርም አሉ! እነዚህ እኮ «ሕክምናችን ይጠቅማል» የሚሉት ራሳቸው ናቸው። ይጠቅም እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ያለው እነሱ እጅ ነው። ይህን ወረቀት የሚደብቅ ሰው ሕክምናውን ከሚቃወሙት ሁሉ በላይ ሕክምናውን ጎድቶታል። በሚያዝያ 2024 ዘገባው ወጥቶ ጩኸት ሲበረታ «እሺ እንሰጣለን» አሉ።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር። በዚህ ክርክር ውስጥ ወላጅን የሚያስደነግጥ አንድ አባባል አለ፤ «መድኃኒቱን ካልሰጣችሁት ልጃችሁ ራሱን ያጠፋል» የሚል። እነዚህ ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ የሚጨነቁና የሚያዝኑ መሆናቸው እውነት ነው፤ ቀልድም አይደለም። ነገር ግን በ2024 ክልከላው ሲጠብቅ የሞቱት ልጆች ቁጥር በብዙ እጥፍ ጨመረ ተብሎ በተወራ ጊዜ መንግሥት ፕሮፌሰር ሉዊስ አፕልቢን (ከላይኛዋ አፕልቢ ጋር አይምታታብን) ቁጥሩን እንዲያዩ ጠየቃቸው። በስድስት ዓመት ውስጥ 12 ወጣቶች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አምስት፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ሰባት። አሥራ ሁለቱም የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። ሆኖም ተወራ የተባለውን ጭማሪ ቁጥሩ አይደግፈውም። ፕሮፌሰሩ አጥብቀው የተናገሩት ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ራሱ ለተጨነቀ ልጅ አደገኛ መሆኑን ነው። ልጁም ይሰማል እኮ!

አሁን «እኛን ምን አገባን» ወዳለኝ አንባቢ ልመለስ። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አንድ ሌሊት ደወለችልኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጇ «ወንድ ነኝ» ብላ ለትምህርት ቤቷ አማካሪ ተናግራለች። «ጋሼ፣ እዚህ ያሉ ሰዎቻችን ትምህርት ቤቱ ወስዶ ይቆርጣታል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ። ወሬውን የሰማችው እዚያው ሰፈሯ ከሚኖር አበሻ ነው። ለነገሩ ዶናልድ ትራምፕም በ2024 ምርጫ ዘመቻቸው ልጅ ትምህርት ቤት ሄዶ ተቆርጦ ይመለሳል የሚል ነገር ተናግረዋል። ሐሰት ነው፤ ትምህርት ቤት ቀዶ ሕክምና አያደርግም። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የመንግሥት ሕክምና ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና አይሠራም። ይህን ነገርኳትና ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ «እሺ ምን ልበላት?» አለችኝ። ምክር የጠየቀችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቃሉን ነው የጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ «ዩ» ይበቃል፤ በአማርኛ ግን ለእራት መጥራት እንኳ «ና» ነው ወይ «ነይ» ነው፤ ሦስተኛ የለም። «አንቱ» ብላ ትገላገል እንዳልል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት።

«አንቺ፣ እኛ እኮ ወንዱን ልጅ ስናቆላምጥ ‹አንቺ› እያልን፣ ሴቷን ‹አንተ› እያልን ያደግን ሕዝብ ነን» አልኳት። ሳቀች። «ጋሼ፣ እሱማ ለቁልምጫ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ለቁልምጫ ነው። ቢሆንም ልጅቷ ከእናቷ ጋር የምታወራው በአማርኛ ከሆነ በቁጣ ከተባለ «አንቺ» ይልቅ በፍቅር የተባለ ማናቸውም ቃል ይሻላል ብዬ አስባለሁ። እናትየዋ ከሐኪም ቀጠሮ በፊት የምትፈልገው ጉዳዩን በአማርኛ በእርጋታ የሚያስረዳት ሰው ነበር። በየአገሩ አበሻ ልጅ እያሳደገ ነው፤ ፎርሙ ላይ የሚፈርመውም እሱ ነው። በቋንቋው የሚደርሰው ግን ወይ እርግማን ነው ወይ ሹክሹክታ።

አሜሪካን ካነሣን ዘንድ፣ እዚያ ነገሩ ከሐኪም እጅ ወጥቶ የፖለቲካ ገመድ ጉተታ ሆኗል። በ2021 አርካንሶ ለልጆች የሚሰጠውን ሕክምና በሕግ በመከልከል ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ከ20 በላይ ግዛቶች ተከተሉ። በሰኔ 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴነሲን ክልከላ በ6 ለ3 አጸደቀ። እንግሊዝም በታኅሣሥ 2024 በጤና ሚኒስትሩ በዌስ ስትሪቲንግ በኩል ማገጃውን ላልተወሰነ ጊዜ አግዳለች፤ በ2027 እንደገና እንዲታይ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያወራ ብዙ ነው፤ አንድ አይደሉም። የእንግሊዙ «መጀመሪያ እናጥና» ነው፤ የአሜሪካኖቹ ግዛቶች አብዛኞቹ «አይጠናም፣ አይሰጥም» ናቸው። «አውሮፓ በሙሉ አቁሟል» የሚለውም ሌላ ያልተነበበ ነገር ነው። ፊንላንድ በ2020፣ ስዊድን በ2022 ጠበቅ አድርገዋል። ነገር ግን የጀርመን፣ የኦስትሪያና የስዊዘርላንድ ሐኪሞች በጋራ በ2025 ያወጡት መመሪያ ለየልጁ እየታየ ሕክምናው ሊሰጥ ይችላል ይላል፤ የፈረንሳይ የሕፃናት ሆርሞን ሐኪሞችም በ2024 መጨረሻ ወደዚያው አዘንብለዋል። የተማሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ስስ መረጃ አንብበው ወደ ተለያየ ውሳኔ ደርሰዋል። ይህ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ለሠላሳ ዓመት ያህል ሕክምናው እየተሰጠ መረጃው አሁንም ስስ መሆኑ ነው።

የታቪስቶኩ ክሊኒክ በመጋቢት 2024 ተዘግቷል። በምትኩ በለንደንና በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በሕፃናት ሆስፒታሎች ሥር አዳዲስ ማዕከላት ተከፈቱ። በዚያን ጊዜ ወረፋው ላይ የነበሩት ልጆች ከ5,000 በላይ ናቸው፤ መጠበቂያው ከሁለት ዓመት ያልፋል። በአሥራ ሦስት ዓመቱ የተመዘገበ ልጅ ስሙ ሲጠራ ድምፁ ጎርንኗል። ስለ ማገጃው ሁለቱም ወገን ጎራዴ ሲማዘዝ ለአብዛኞቹ ልጆች ውሳኔውን የሰጠው ወረፋው ነው። ድብርቱን፣ ኦቲዝሙን፣ ቤት ውስጥ ያለውን ጣጣ የሚያይ ተራ ሐኪም እንኳ «የጾታ ጉዳይ ስለሆነ አልነካውም» እያለ ወደዚያው ወረፋ ሲልክ ነው የኖረው። ዘገባው ይህን በደንብ አድርጎ ጽፎታል፤ ለእኔ የዘገባው ምርጥ ክፍል ይህ ነው፤ ጋዜጦቹ ግን አልፈለጉትም። ስለ ወረፋ የሚጣላ የለማ!

በ2025 መጨረሻ ካስ ያሳሰቡት የማገጃ ጥናት ፈቃድ ማግኘቱና 226 ያህል ልጆች ሊሳተፉበት መታሰቡ ተነገረ። ማወዳደሪያ ወገን ያለው ጥናት ነው፤ በ2011 ያልተደረገው። ወዲያው አንዱ ወገን «በልጆች ላይ እንዴት ይሞከራል?» አለ። ሌላው ወገን «መድኃኒቱን ለማግኘት ጥናት ውስጥ ግቡ ማለት ማስገደድ ነው» አለ። ይህ ሁሉ ሲሆን በ2011 የተጀመረው ጥናት ውስጥ የገቡት 44 ልጆች ሁሉም ከሃያ ዓመት አልፈዋል። ዛሬ ሐኪምም፣ ወላጅም፣ ዳኛም ሳይጨመርበት ስለ ራሳቸው መናገር የሚችሉ ሰዎች ናቸው።